ቀጭኗ መስመር

ማክሰኞ፣ ጥር 13። ጧት 3፡15

ናሙና የሚያሽከረክረው ሴንትሪፊዩጅ ያጉረመርማል፣ እኔ እጽፋለሁ። የላቦራቶሪ ወረፋ፦ አራት ሽንት፣ ሦስት ሰገራ፣ አንድ ወባ። የጥምቀት እረፍት እስኪያልቅ ጠብቆ የቢቸና ሰው ሁሉ ዛሬ ሊታመም ተስማምቷል መሰለኝ። ግን ወሬዬ ሌላ ነው ደብተሬ። ካርቶን መጣልን! የቶክሶ ኪት። የክሊኒኩ ባለቤት ለእርጉዞች ምርመራ ብሎ ያስመጣው ነው። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ከማንበቤ በቀር በእጄ ነክቼው አላውቅም። መመሪያውን ሁለቴ አነበብኩ። ደስ ስላለኝ ሦስተኛ ልደግመው ነው።

ላስረዳሽ፤ ላንቺ ሳስረዳ ለራሴም ይገባኛል። ቶክሶፕላዝማ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተባይ ነው። ከድመት ኩስ፣ ካልበሰለ ሥጋ፣ በደንብ ካልታጠበ አትክልት ይገባል። ገብቶም ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ ብዙ ሰው እንደያዘው ሳያውቅ ይኖራል። ደም ግን ያውቃል። መከላከያውን፣ አንቲቦዲ የምንለውን፣ ይሠራል። እኛም የምንፈልገው ተባዩን ሳይሆን ያንን መከላከያ ነው። ስትሪፑ፣ የኪቱ መመርመሪያ ወረቀት፣ ላይ ሦስት ፊደል አለ፦ ሲ፣ ጂ፣ ኤም። ሲ ላይ መስመር ከወጣ ኪቱ ሠርቷል። ጂ ላይ ከወጣ ተባዩ ቆየት ብሏል፣ ደም ለምዶታል። ኤም ላይ ከወጣ ግን ምናልባት ገና በቅርብ የገባ ነው። እርጉዝን የምታስፈራት ኤም ናት። ሴትየዋ ጽንስ ይዛ ሳለ አዲስ ከያዛት ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል።

አዲስ ኪት በበሽተኛ አልጀምርም። በራሴ ነው የምጀምረው። የጎማውን አንድ ጫፍ በጥርሴ ይዤ ክንዴን አሰርኩ፣ ቀዳሁ።

በዚያ ላይ፣ ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ስምንተኛ ሳምንቴ ነው።

4፡05። ሲ አለች። ጂ ደማቅ። ኤም... አለች። ቀጭን። ወደ መስኮት ወሰድኳት። መነጽሬን አወለቅኩ፣ መልሼ አደረግኩ። አለች።

4፡40። በሌላ ስትሪፕ ደገምኩ። አለች። ወይ ጉዴ!

ከሰዓት 9፡30። የሚገርምሽ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አልነበረም። ከየት? ነው ያልኩት። የት አገኘኝ ይሄ ነገር? መቼ? በየትኛው ሰላጣ? ያ አመሌ ተነሳብኝ፤ ምሳዬን ረስቼ ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ። ፍርሃቱ ኋላ ጓንቴን ሳወልቅ ደረሰ። ዘግይቶ መጣ እንጂ መጣ። ያለፈውን ሰኔ አሰብኩ። በአራተኛው ወር አስወረደኝ። ባሌ ምናሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ሲያስር ሲፈታ አየሁት። እስከ ዛሬ በአውቶቡሱ ነው የሚያሳብበው። ለእህቱ ሠርግ የጁቤ ከተማ ድረስ ይዞኝ ሄዶ ነበር፣ በዚያ መንገድ አንገላታኋት ይላል። ይቺን ጽንስ እርግጠኛ እስክሆን አልነግረውም። ሁለተኛ እንደዚያ ሲሆን ማየት አልችልም።

የተረፈውን ሴረም፣ ከደሙ የሚለየውን ፈሳሽ፣ ቲዩቡ ላይ ቀን ጽፌ ፍሪዘር ከተትኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ተጠርጣሪ አንድ፦ ሻምበል። የክሊኒኩ ድመት ነው። አይጥ የጓንት ካርቶን እየቆረጠመች ስላስቸገረች የመጣ፣ ቀይ፣ አንድ ጆሮው የተቀነጠበ። ስሙን ያወጡለት ጥበቃችን አያ ፈንቴ ናቸው። ከምሳቸው ያካፍሉታል፣ ሲበርድ ጋቢያቸው ውስጥ ያስተኙታል። ዛሬ ሳየው ዋልኩ። እሱም አየኝ። ጥፋተኛ አይመስልም።

አያ ፈንቴ ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ የምታፈጪበት አሉኝ። ስለ አዲሱ ምርመራ ነገርኳቸው፤ ስለ ራሴ ዝም። ከድመትና ከጥሬ ሥጋ ይመጣል ስላቸው ሳቁ። "ሃምሳ ዓመት ጥሬ የበላሁት ሰውዬ አለሁ አይደል? ቅጂኝ!" ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እምቢ ብል የሚለቁኝ አልነበሩም። የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ስመኝም መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ቆይተው፣ እኔስ ከማን አንሼ አሉ። እትዬ ስመኝ ጥሬ ሥጋ በአፋቸው አይዞርም። ሻምበልንም ካዩት በመጥረጊያ ነው።

ውጤት። አያ ፈንቴ ባዶ፣ ምንም የለም። እትዬ ስመኝ ጂ፣ ያውም ደማቅ!

ኪቱ አበደ ብዬ ደገምኩ። ያው። አያ ፈንቴ እንደተሸለመ ሰው ደረታቸውን ነፍተው ግቢውን ዞሩት። እትዬ ስመኝ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። "ታዲያ ኩሱን የሚጠርገው ማን ሆነና! እሱ ያቅፈዋል፣ እኔ እጠርግለታለሁ!"

እንዴ! እውነታቸውን እኮ ነው። ነገሩ ጸጉሩ ላይ አይደለም። ኩሱ ላይ ነው፣ ለዚያውም ቀን ያለፈው ላይ። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፣ ፈተናም ጽፌዋለሁ፤ የገባኝ ግን ዛሬ ነው። የርስዎ የቆየ ነው፣ ምንም አይልዎትም ብዬ አረጋጋኋቸው። ጓንትም ሰጠኋቸው። ጓንቱን ወዲያው ለሌላ ሥራ ሸጉጠውታል፣ አይቻለሁ።

እኔስ ምን ጠርጌ ነው? እናቴ ቤት ድመት ነበረች፣ ጎተራው ሥር የምታድር። እሷ ከሆነች ድሮ ነው። ድሮ ከሆነ ደግሞ ኤም ምን ትሠራለች?

ዓርብ፣ ጥር 16። ከሰዓት

ሆስፒታል ሄድኩ፣ ዶ/ር ሰብለ ጋ። ባለፈው ዓመትም የያዘችኝ እሷ ናት። እኩያዬ ናት፤ ስታስብ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። ሁለቱን ስትሪፕ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩላት፣ ሱቅ እንደከፈተ ሰው።

ያለችኝን ባጭሩ። አንድ፣ ኤም አታላይ ናት፤ አንዳንዱ ሰው ደም ውስጥ ወራት፣ ዓመትም ትቆያለች፣ አንዳንዴም በባዶ ትወጣለች። ስለዚህ በሷ ብቻ አይፈረድም። ሁለት፣ ወሳኙ መቼ ነው የሚለው ነው፤ ከመጸነሴ በፊት ከሆነ ልጁን አያሰጋውም፣ በኋላ ከሆነ ግን... እዚህ ላይ ቀስ አለች። ዓይን አለች። አንጎል አለች። ሌላውን አልሰማሁትም። ሦስት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ልቀዳና የመጀመሪያውን ሴረም ከአዲሱ ጎን ለጎን ልሥራ። ጂ ከጨመረች አዲስ ነው፣ ካልጨመረች ይቀልላል። ደግሞ አዲስ አበባ የሚሠራ ምርመራ አለ፣ አንቲቦዲው ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚያይ፤ ናሙና እንልካለን አለች። የአዲስ አበባው መንገድ ሰሞኑን ዝግ ነው፣ ሲከፈት። መድኃኒቱ ቢቸና የለም፣ ከባሕር ዳር ይፈለጋል፤ ሲደርስ እጀምራለሁ።

ከመጸነስሽ በፊት የተቀዳ ደም የትም የለሽም? አለችኝ። ማን ደሙን ያስቀምጣል ብዬ ሳቅኩባት። ምናሉን ይዘሽው ነይ አለች። አልሳቅኩም፣ እሺም አላልኩም።

እሑድ፣ ጥር 18

የጎረቤት ሠርግ። ድንኳን፣ ጭብጨባ፣ በሬው ግማሽ ጎኑ ተሰቅሎ። ሥጋው ፊት ቆሜ ነጩን ከቀዩ እያየሁ በየትኛው ጡንቻ ውስጥ ተደብቆ ይሆን እላለሁ። ጤና የለኝም እኮ!

ምናሉ ከሻኛው መርጦ፣ አዋዜ ነክሮ፣ እጁን ከሥር ዘርግቶ አመጣልኝ። እንደምወድ ያውቃል። ሆዴን አመመኝ አልኩ። ሰላጣውንም አልነካሁም። ሽሮ ፈልጌ በላሁ፣ በሠርግ ቤት! አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ከፊቴ ወደ ሆዴ፣ ከሆዴ ወደ ፊቴ አየችና ፈገግ አለች። ደንግጬ ነጠላዬን ሳብ አደረግኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ምናሉ መሬት መሬት እያየ ይሄዳል። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ አንድ ነገር አልገጥም ሲለው ደጋግሞ ይሠራዋል፣ ያን ጊዜ ይታወቀኛል። ኋላ፣ የበደልኩሽ ነገር አለ ወይ? አለኝ። የለም አልኩ። ምንም? አለ። ምንም። አሁን እሱ ፈተና ያርማል፣ እኔ ማዶ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ልንገረው ብዬ ሁለቴ ተነሳሁ፣ ሁለቴም ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ጥር 19። 4 ሰዓት

ማን ደሙን ያስቀምጣል? እኛ! እኛ ነን እንጂ ሌላ ማን!

ሥራ መሐል መጣልኝ፣ ስላይዱን ልጥለው ነበር። ሞጣ ከማግባቴ በፊት ሦስት ዓመት የሠራሁበት ላቦራቶሪ። የኪት ማነጻጸሪያ፣ ነጻ መሆኑ የታወቀው ሴረም፣ ባለቀ ቁጥር የኛኑ ደም ቀድተን ነበር የምንጠቀመው። "ኖርማል" ብለን ቲዩብ ላይ እንጽፋለን። ጉበትም ቂጥኝም ሌላውም ተመርምሬ ነጻ ስለነበርኩ፣ ደግሞም ስቀዳ ስለማልጮህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኖርማሏ እኔ ነበርኩ። የተረፈው ፍሪዘር ይገባል። አለቃዬ ጋሼ ሰይድ ደግሞ የማይጥሉ ሰው ናቸው፤ የተሰበረ ፒፔት እንኳ በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። አንዲት ቲዩብ ብትገኝ! የሁለት ዓመት ሴረም ላይ ጂ ከወጣች ነገሩ አለቀ፣ ድሮ ነው።

ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ደወልኩ። የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 21

የሞጣ መንገድ ከትናንት ጀምሮ ዝግ። መናኸሪያው ጭር ብሏል። ነገ ይከፈታል ይላሉ፣ ትናንትም ብለው ነበር። አስተርእዮ ማርያም ስለሆነች በሽተኛም የለ። ቁጭ ብዬ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ ሞጣ፣ ፍሪዘሩ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ በስተግራ። እንዲያው ክንፍ ቢኖረኝ!

አያ ፈንቴ ሻምበልን አቅፈው መጡ፤ ተቀያየምሽው እንዴ፣ ሰሞኑን አታናግሪውም አሉ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ከሩቅ።

ሰኞ፣ ጥር 26። ሞጣ፣ ማምሻውን 11 ሰዓት

መንገዱ ተከፈተ። በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ። ለምናሉ የሥራ ልምድ ማስረጃ ላወጣ ነው አልኩት። ማስረጃው ሣጥኔ ውስጥ አለ። ሲሸኘኝ ከሾፌሩ ጋር ተከራክሮ ፊት ወንበር አስቀመጠኝ፣ እንዳልንገላታ። እያወቀ ነው ወይስ የአውቶቡሱ ነገር አልወጣለት ብሎ? እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፍሪዘሩ አሰብኩ።

ጋሼ ሰይድ ጸጉራቸው ጨርሶ ነጥቷል። ቤተሰባቸው በሙሉ የሞጣ ነጋዴ ነው፣ እሳቸው ብቻ ማይክሮስኮፕ ላይ ቀሩ። "ኧረ ትዕግሥት! ጠፋሽ እኮ!" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ቡና ሳይሉ ሻይ ሳይሉ ፍሪዘሩን ልይ አልኳቸው።

ባዶ። ከሁለት ትኩስ ቲዩብና ከበረዶ በቀር ባዶ። ክረምት ላይ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ከተማው ዘጠኝ ቀን ያለ መብራት ቆየ። ሁሉም ቀልጦ ሸተተ። ጋሼ ሰይድ ራሳቸው ናቸው ጉድጓድ አስቆፍረው የቀበሩት። እየቆጠርኩ ነው የቀበርኩት አሉኝ፣ የሰው ደም ነውና።

ሰው ፊት አላለቅስም ብዬ ነበር። እስከ ወንበሩ እንኳ አልደረስኩም። ጋሼ ሰይድ በሩን ዘጉ፣ ቁጭ አሉና ስላይድ ይወለውሉ ጀመር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጽንሱን፣ ኤምን፣ ሰኔን። ለባሌ ያልነገርኩትን ለሳቸው። ስጨርስ ኢንሻአላህ መልካም ይሆናል ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። እዚሁ አድራለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ገና በር ላይ አይተውኝ እንቁላሉን አብስለው፣ ደህና አድርገው አብስለው አቀረቡልኝ። ማን ነገራቸው? ማንም። ሴቶቹ ሁሉ ያለ ኪት ያውቃሉ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27። ሞጣ፣ ረፋድ 5 ሰዓት

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጧት ቁርስ ላይ ነን። ጋሼ ሰይድ ሊያጽናኑኝ ብለው ጀመሩ። የቶክሶ ኪት ብዙም አትመኚ፣ እኔን አንዴ ጉድ ሠርቶኛል አሉ። አንቺ ለሠርግሽ ፈቃድ ወጥተሽ ሳለ ነው፤ የድሮው ዓይነት፣ ነጩን ጠብታ ከሴረም ጋር ትንሽ ጥቁር ካርድ ላይ የሚያማቱት፤ አንቲቦዲ ካለ እንደተበላሸ ወተት ይቋጥራል፣ ከሌለ ለስላሳ ይቀራል። እና ያ ኪት ሁሉን ቋጠረ አሉ። በሽተኞቹን ብቻ አይደለም፣ ኖርማሉን እንኳ ቋጠረ! ሙሉ ካርቶኑን ተቆጥቼ መለስኩት።

ቁራሹ እጄ ላይ ቀረ። ኖርማሉ የማን ነበር? አልኳቸው።

እሳቸውም ስኒያቸውን አስቀመጡ። እትዬ ዘይነብ ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን።

ቁርሱን ሳንጨርስ ተነስተን ላቦራቶሪው ሄድን። መዝገቡ ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው፣ አቧራ ለብሶ። ያገላበጡት ጋሼ ሰይድ ናቸው፣ እኔ አልቻልኩም። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የሠርጌ ሳምንት። በራሳቸው የተስተካከለ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ "የቶክሶ ምርመራ። የኪቱ ማነጻጸሪያ ስላለቀ በኖርማል ሴረም ተሠራ፣ ትዕግሥት፣ ከፈቃድ በፊት የተቀዳ። ኖርማሉ ቋጠረ። 64 ጊዜ ቀጥኖም ቋጠረ። ኪቱ ብልሹ ነው። ይመለስ።"

ሦስቴ አነበብኩት። ኪቱ ብልሹ አልነበረም። እኔ ነበርኩ! ድሮውንም ነበረብኝ። ከማግባቴ በፊት፣ ከሰኔ በፊት፣ ከዚህ ጽንስ በፊት። "እሰይ!" ብዬ ጮህኩ፣ ወረፋ ላይ ያሉት በሽተኞች በመስኮት አዩን።

ጋሼ ሰይድ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚህ እጅ አሉ። ለጉበት መርምረንሽ ነጻ፣ ለቂጥኝ መርምረንሽ ነጻ፣ በቃ ለሁሉም ነጻ አደረግንሽ፤ ለዚህ ግን መች መረመርንሽ? ኪቱን ጠረጠርኩ፣ የቀዳሁትን ሰው አልጠረጠርኩም። በዚያ ቀን ሌሎች ሁለት ሴቶችም ቋጥሮባቸው፣ ኪቱ ተበላሽቷል ብለው መልሰዋቸዋል። አንዷ ባለሱቅ ጎረቤታቸው ናት፤ ከዚያ ወዲህ ልጅ ወልዳ ልጁ ግቢያቸው ውስጥ ኳስ ይመታል። ሌላዋ ከገጠር የመጣች ናት፣ ከስሟ በቀር የሚያውቁት የለም። እሷን ሳላገኝ አልተኛም አሉ። እኔ በሳቸው ስሕተት ልቤ ተመልሷል፣ እሳቸው ደግሞ በዚያው ስሕተት ልባቸው ተሰብሯል። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ገጹን በስልኬ አንስቻለሁ፣ አራት ጊዜ።

ሐሙስ፣ ጥር 29። ቢቸና

ቀዳሁ። ከመጀመሪያው ከቀዳሁ አሥራ ስድስተኛ ቀኔ። የጥር 13ቱን ሴረም ከዛሬው ጎን ለጎን አድርጌ፣ ሁለቱንም እኩል በጨው ውሃ እያቀጠንኩ በየስትሪፑ ሠራሁ። ጠረጴዛው ሞላ። እትዬ ስመኝ ዛሬ ልጠርግ ነው ወይስ ልቅር አሉ። ይቅር አልኩ።

ጂ በሁለቱም እኩል ደበዘዘች፣ በሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ጠፋች። አልጨመረችም። ኤም ያቺው ናት፣ ቀጭን፣ እንዳለች። ለምን አለሽ አንቺ? ማንን ትጠብቂያለሽ? ዓመታት ከሚቆዩት አንዷ ነሽ ወይስ ዝም ብለሽ የወጣሽ? ይህን አላወቅኩም፣ ማወቅ ግን እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ የሚላከው ናሙና ነገ ይሄዳል።

ዓርብ፣ ጥር 30። 8 ሰዓት

ዶ/ር ሰብለ የመዝገቡን ፎቶ አጉልታ አየች፣ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰካች። መቋጠር ብቻውን አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ያን ያህል ቀጥኖ የሚቋጥር ግን የሐሰት መሆኑ ይከብዳል አለች። ከጎን ለጎኑ ምርመራ ጋር ሲደመር የቆየ ነው። መድኃኒቱን ተይው። የአዲስ አበባው ውጤት ሲመጣ እናያይዘዋለን፣ ለወረቀቱ። ይሄ ነገር ልጅሽን አይነካብሽም አለችኝ።

ሌላውስ? አልኳት። ገባት። ሌላውን ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ እየተከታተልን እናያለን አለች። የሰኔው በምን እንደሆነም አላውቅም፤ በቶክሶው እንዳልሆነ ግን አሁን መናገር እችላለሁ፣ በአውቶቡስ ደግሞ ፈጽሞ አይደለም አለች። አውቶቡስ ጽንስ አያስወርድም፣ ማነው ያለሽ?

ማንም ብዬ ወጣሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ግን ቆምኩ። ሰባት ወር! ሰባት ወር ሙሉ ያ ሰው ልጄን በአውቶቡስ ገደልኩ እያለ በውስጡ ሲኖር፣ እኔ አንድ ቀን ተቀምጬ አይደለም አላልኩትም። ስለ ሰኔ ላለማውራት ብዬ። እንዳይጎዳ ብዬ። አሁንም ያንኑ እያደረግኩ ነው፣ እርግጠኛ ልሁንና ልንገረው እያልኩ። እርግጠኛ የሚያደርግ ኪት ደግሞ የለም። በየትኛውም ካርቶን አይመጣም። አንዷን ጥያቄ መለስኩ፣ ሌሎቹ አሉ፣ እስክወልድ ይኖራሉ። እስከዚያ ብቻዬን ልጠብቅ ነው? እሱስ ብቻውን?

11፡20። ቤት። ምናሉ መጣ። ጓሮ ሆኖ የጠመኔ እጁን ይታጠባል፣ ይሰማኛል። ውጤት አልጠብቅም። ስለ አውቶቡሱ እነግረዋለሁ፣ መጀመሪያ እሱን። ከዚያ አሥረኛ ሳምንቴ እንደሆነ። ውሃው ሲቆም።

ቆመ።